ስሷ ሽፋንና ጠበሉ

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ሲያዩት የከሰል ስባሪ የሚመስል፣ እንደ ሽንኩርት ግን በንብርብር የተሠራ ማዕድን ነው። ንብርብሩ እንዳለ ሌዘር ቢያሳርፉበት ብርሃን መልሶ አይሰጥም ማለት ይቻላል። በፕላስተር እየላጡ እየላጡ አንዲት የመጨረሻ ሽፋን ብቻ ስትቀር ግን ቀይ ብርሃን ታወጣለች። እኔ ለማስተርስ ጥናቴ ስልጥ ከርሜ የወጣችልኝ ደህና ሽፋን አንዲት ነበረች። መስታወት ላይ ለጥፌ በትንሽ ሳጥን ዘጋኋት። ብርሃኗን የሚለካው መሣሪያ ባሕር ዳር ለዩኒቨርሲቲያችን በውሰት የመጣ ነው፤ ተራዬ ካለፈ ይመለሳል፣ ትምህርቴም እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህን እያወቅሁ አባቴ ታመሙ ተባልሁና ቢቸና ሄድሁ። ላብራቶሪ ብተዋት ሰው ይነካብኛል ብዬ ይዣት ሄድሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ! መንገዱ ተዘጋ። ተራዬ ሊያልፍ ሲል ተከፈተ።

መሪጌታው አባቴ በከዘራ ተደግፈው ተነሡ፤ እኔንም ቦርሳዬንም ጠበል ረጩ።

«ያቺን የምታበራዋንስ?»

«ከሳጥኑ በላይ ብቻ፣ አባዬ። እንዳይከፍቷት። ትንፋሽ እንኳ አትችልም።»

መኪና መኖሩን ለማየት ወጣሁ። ስመለስ ቦርሳዬ ተዘግቶ ጠበቀኝ።

ሞጣ መኪና ልቀይር ወርጄ ሳጥኑን ከፈትሁ። መስታወቱ ላይ የደረቀ ውሃ ነጭ ክብ ሠርቷል። መነኸሪያው አጠገብ ካለው ክሊኒክ ገብቼ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ለመንሁና ወባ በሚያዩበት ማይክሮስኮፕ አየሁት። ሽፋኗ የነበረችበት ቦታ የጨው ቅንጣት ብቻ ነው። ተናደድሁ፤ በአባቴም፣ በጠበሉም፣ በፈጣሪም። ከክሊኒኩ ደጃፍ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ስልኬ ጮኸ።

«ሞጣ ገባሽ፣ ልጄ?»

«ገባሁ።»

«ሳትቆጭኝ ልንገርሽ። ከፍቼ ነው የረጨኋት። ክዳን ላይ የወረደ ጠበል ለክዳኑ ነው። እኔማ የምረቃ ጋውን ለብሰሽ ሳላይሽ መሄዴ ነው፤ እሷ እንኳ ትቅናሽ ብዬ።» ሳል ያዛቸው፤ ቆይተው፣ «ታበራለች አይደል?» አሉኝ።

«ታበራለች፣ አባዬ።»

ረዳቱ «ባሕር ዳር! የሞላ!» እያለ ይጣራል። አልፌው የቢቸናውን ተሳፈርሁ።