ትንሽ ይታገሡ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አራት ነጥብ» ይሏታል። ሥራዋ የስልክ መተግበሪያ እክል ሲገጥመው ለሰው የሚያሳየውን መልእክት ማረም ነው። ባለሙያዎቹ «ስህተት፦ ግንኙነት ከሽፏል» ብለው የወረወሩትን እሷ የሰው ቋንቋ ታደርገዋለች። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች ምሳ አይወርድላትም።

የአምቡላንስ መጥሪያው መተግበሪያ ሲሠራ «ጥሪዎ አልተላከም። በስልክ ይደውሉ።» ብላ ጻፈች። አለቃዋ አነበበና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ ሰው ያስደነግጣል። ለስለስ አድርጊው እንጂ!»

«ካልተላከ አልተላከም ነዋ!»

«መስመሩ ሲመለስ ራሱ ይልከው የለ እንዴ?»

ስትከራከር ሰነበተች፤ በኋላ ሰለቻት። «ጥሪዎን በማስተላለፍ ላይ ነን፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሡ።» ብላ ቀየረችው። አለቃዋ አጨበጨበላት። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ደስ አላት፤ ዓረፍተ ነገሩ አምሮላታል።

ክረምቱ እንደገባ የታላቅ እህቷ ባል ደረቱን ይዞ ሳሎን ውስጥ ወደቀ። እሷ ስትደርስ አንሶላ አልብሰውታል። እህቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስልኩን አልለቅም ብላለች።

«ታገሡ አለን፣ የእናቴ ልጅ። መኪናው መንገድ ላይ ነው ብለን ታገሥን። ጎረቤት ‹በእኔ መኪና ልውሰደው› ሲለኝ እኔው ነኝ የመለስኩት!»

ስልኩን ተቀበለቻት። ዓረፍተ ነገሩ አንዲት ፊደል ሳትጎድለው እዚያው አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ልትል አፏን ስትከፍት ለቀስተኛ ገባ፤ ስልኩን መለሰችላት።

በቀብሩ ማግስት ቢሮ ገብታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ የመጀመሪያውን መልእክት መለሰችው። አለቃዋ አስጠራት።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«በዚያ መልእክት የእህቴ ባል ሞቷል።»

ሰውዬው ደነገጠ፤ ውሃ ቀዳላት። «ያጽናሽ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ግን ለማንም እንዳትደግሚው» አላት። ከሰዓት በኋላ መልእክቱ ወደ ለስላሳው ተመልሶ አገኘችው። ዕቃዋን በፌስታል ሰብስባ ወጣች፤ የተከተላትም የለም።

በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ የባሏን ሸሚዞች እያጣጠፈች ነበር። ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም።

«ልጆቹ እንዳይሰሙ» አለች ብቻ፣ ከሸሚዙ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ ስትሄድ እህቷ በር ትከፍትላታለች። ተቀመጪ ግን አትላትም።