ጥላ የሌለው ዕጩ

ሥራ የጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ታምሩ የትምህርት ማስረጃዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መልሰው ሰጡኝ። «ፍልስፍና ጥሩ ነው» አሉ። «በል አሁን ያንን ገመድ ጠቅልል።»

የቴሌቪዥን ጣቢያው የቀጠረኝ ለጽሑፍ ክፍል መስሎኝ ነበር። የተመደብኩት መብራት ክፍል ነው። ግማሽ ቀን ገመድ ጠቀለልኩ። ጋሽ ታምሩ የጠቀለልኩትን እየፈቱ «እንዲህ ከጠመዘዝከው ውስጡ ይበጠሳል፤ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ» እያሉ እንደገና አስጠቀለሉኝ። ካነበብኳቸው ፈላስፎች ስለዚህ ጉዳይ የጻፈ አንድም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ አስገቡኝ። ዋናው መብራት ከፊት፣ ወደ አንድ ጎን ይቆማል። ሙሌት የምንለው ከሌላው ጎን ሆኖ ዋናው ፊት ላይ የጣለውን ጥላ ያጠፋል። ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። ይህን ካሳዩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የክፍሉን ደንብ ነገሩኝ።

«ዘፋኝ ሲመጣ ጥላ ተውለት፣ ያምርበታል። ገበሬ ከሆነ ፀሐይ ይበቃዋል። ባለሥልጣን ሲመጣ ግን ሙሌቱን እስከ መጨረሻው ክፈት። ባለሥልጣን ፊቱ ላይ ጥላ አይኑረው።»

«ለምን?» አልኳቸው፤ ፍልስፍና መማሬ አይደል።

«ጥላ ካለው የሆነ ነገር የደበቀ ይመስላል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ስልኩን የማነሣው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከረዳትነት ተነሥቼ በጋሽ ታምሩ ወንበር እስክቀመጥ ድረስ፣ ከተቀመጥኩም በኋላ በዚህ ደንብ ሠራሁ። ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ፣ እንደተላጠ እንቁላል የለሰለሰ ፊት። የእንግዳ ኮትም ነበረን። ሰማያዊ ነው፤ ቸኩሎ የመጣ ወይም ኮቱ ከግድግዳው ቀለም ጋር ያልተስማማ ሁሉ ይለብሰዋል። ስንት ኃላፊ በዚያ ኮት መግለጫ እንደሰጠ ኮቱ ራሱ ቢጠየቅ አያስታውስም።

በምኖርበት ሲግናል ሰፈር አብረን ሻይ የምንጠጣ ምሁራን ወዳጆች አሉኝ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ ቴሌቪዥን ይጨቃጨቃሉ። ግማሾቹ ቴሌቪዥን ሕዝቡን ወደ ፈለገበት ይነዳዋል ይላሉ። ግማሾቹ ሕዝቡ ንቁ ነው፣ በቴሌቪዥን አይታለልም ይላሉ። ሁለቱም ወገን የጠቀሳቸውን መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ጥሩ መጻሕፍት ናቸው። ግን የጻፏቸው ሰዎች ሥጋ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያዩ አይመስለኝም።

ጋሽ ቶሎሳን ያወቅኳቸው በአንዱ የምርጫ ሰሞን ነው። ለተወዳዳሪዎች ነፃ የአየር ሰዓት ተሰጥቶ በየተራ እየመጡ ይቀረጹ ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል። ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሚቀርባቸው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱም ያወራሉ። ለከተማው ምክር ቤት በግል የቀረቡት ለአንድ ነገር ነበር። የውሃው ቧንቧ ዳገቱ ሥር ደርሶ ቆሟል። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ጀሪካን አዝለው ይወጣሉ።

«ሌላ ፕሮግራም የለኝም» አሉኝ። «ውሃው ይውጣ። ከዚያ ቢፈልጉ ያባሩኝ።»

የለበሱት አረንጓዴ ሹራብ ነበር፤ ክርኑ ተጥፏል። ጫማቸው የእንጦጦን ጭቃ ይዟል።

«ጋሼ፣ በዚሁ ሹራብ ይቀረጹ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ፊት ልቀርብ ነው። እስቲ እንደ ሰው አድርገኝ።»

እንደ ሰው አደረግናቸው። ሰማያዊው ኮት ስለሰፋቸው ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ያዝነው። ግንባራቸው ላይ ፓውደር ተደረገ። ጠረጴዛው ኋላ አስቀመጥናቸውና ሙሌቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ካሜራማኑ በለጠ በካሜራው መነጽር አየና አፏጨ።

«እኚህ ሰውዬ ተሾሙ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ንግግራቸው አጭርና ጥሩ ነበር። ስለ ቧንቧው ተናገሩ፣ ድምፃችሁን ስጡኝ ብለው ጨረሱ። ቀረጻውን አሳየናቸው። «እናቴ ይህን ብታይ ተነሥታ ትቆምልኝ ነበር» አሉ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ፊት ላይ አንድ ጥላ አልነበረም።

ከተላለፈ በኋላ ባለው እሑድ ራጉኤል ሳምኩና በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ስወርድ ከበራቸው ላይ አገኘኋቸው። ሹራባቸውን ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሰው ተሰልፏል።

«ና፣ ና፣ የሠራኸውን ጉድ እይ» አሉኝ።

አንዱ ለልጁ ሥራ ፈልጎ ነው የመጣው። አንዱ የቦታ ካርታው ስለዘገየበት ነው። ከፊት የቆመችው ወይዘሮ ጫልቱ ናት፤ ጎረቤታቸውና እኩያቸው። ድሮ ከጫካው እንጨት ትሸከም ነበር፤ አሁን መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ቶሌ፣ አንተ» ስትላቸው የኖረች ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻቸው።

«ጫልቱ፣ አልተሾምኩም አልኩሽ። ተወዳዳሪ ነኝ።»

«እሺ፣ አልተሾሙም። ውሃው መቼ ይመጣል?»

«ምረጡኝ ስል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ጠረጴዛ ይዞ የሚለምን ሰው ግን አይቼ አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የዚያ ቤት ሠራተኛ ነህ አይደል? ያ ሰማያዊ ኮት፣ በቀደም የውሃውን ጉዳይ እያየነው ነው ያለው ሰውዬ የለበሰው አይደለም?»

አስታወስኩ። ያው ኮት ነበር።

ነገሩ የጀመረው አስፋልቱ ዳር ካለው ሥጋ ቤት ነው። እዚያ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ክፍት፣ ድምፁ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ የሚሰማው የቴፑ ዘፈን ነው። በላተኛው ቀና ሲል ጋሽ ቶሎሳን ከነጠረጴዛቸው፣ ከነባንዲራቸው አየ። እኛ እንዲህ ያለ ፊት ለዓመታት ስናሳየው የኖርነው የተሾመ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። በላተኛው ያስተማርነውን አልረሳም። ሥጋው ተበልቶ ሳያልቅ ሹመቱ ዳገቱን ወጥቶ ነበር።

«በሹራብዎ ቤት ለቤት ይዙሩ፤ ያኔ ይገባቸዋል» ብዬ መከርኳቸው። ምክሬን ሰምተው ዞሩ። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሥልጣን በእግሩ ሲዞር ምርጫ ደርሷል ማለት መሆኑን ሰፈሩ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሳምንታት አለፉ፤ ውሃው አልመጣም። ማጉረምረም ተጀመረ። «ከተሾሙ ወዲህ ምን ሠሩ?» አለች ጫልቱ፣ ጉሊቷ ላይ ሽንኩርት እየመዘነች። «ስንጠይቃቸውማ አልተሾምኩም ይሉናል። እንዲህ ያለ ክህደት አይቼም አላውቅ።»

የምርጫ ምልክታቸው መሰላል ነበር። እሱም አልረዳቸውም። «አንዴ ከወጡ በኋላ መሰላሉ ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉ ነበር፣ ክፋት የሌለባቸው ሰዎች።

ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ጋሽ ቶሎሳ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ማንም በማያውቃቸው፣ ሹመታቸውም ባልተወራበት በታችኛው ሰፈር ደህና ድምፅ አግኝተዋል። በገዛ ሰፈራቸው ወድቀዋል። ከሚወዷቸው ብዙዎቹ አልመጡም፤ የተሾመን ሰው ደግሞ ምን ብለው ይመርጡታል? የመጡትም ሊቀጧቸው ነው የመጡት። ሳይሾሙ የተሻሩ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ጫልቱ ቲማቲም በፌስታል ይዛ ቀድማኛለች።

«አይዞህ ቶሌ» ትላቸዋለች። «አንተ» ማለቷ ተመልሷል። «ሹመት እንዲህ ነው። እንዳትሠራ ያደረጉህ እነሱ ናቸው።»

ጋሽ ቶሎሳ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጣሪያውን አዩ። «አዎ፣ አላሠሩኝም» አሉ።

«በል እንግዲህ፣ ሥልጣን ከሌለህ ከእኛ ጋር ተሰለፍ። ሰኞ ስለ ውሃው እንሄዳለን።»

የሰኞውን ነገር ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ አንድ ዓይነት ነው። ሰፈሩ ወደ ውሃው ቢሮ ሲመላለስ ኖሯል፤ ሁልጊዜ መልሱ ነገ ተመለሱ ነው። የዚያን ቀን የቢሮው ወጣት ኃላፊ በቴሌቪዥን ያያቸውን ጋሽ ቶሎሳን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«እንዴ ክቡርነትዎ! በስልክ ቢያዙን ኖሮ! ወንበር አምጡ!»

«የለም ልጄ፣ አልተሾምኩም። ተሹሜም አላውቅ።»

«ትሕትናዎን ማን የማያውቅ አለ?» አለ ኃላፊው።

ጋሽ ቶሎሳ ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ጫልቱ ጎናቸውን ቆነጠጠቻቸው። እንዲያም ሆኖ አስረዱት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ባስረዱት ቁጥር ኃላፊው ይበልጥ እጅ ይነሣ ነበር። ሰፈራቸው ክህደት ነው ያለው ቃል እዚያ ቢሮ ትሕትና ተባለ።

ቧንቧው ወጣ። ሁሉን ሰፈር አላዳረሰም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ቦኖ ተተክሏል፣ ውሃው የሚመጣውም በፈረቃ ነው። ጀሪካን የሚያዝሉት ግን የዳገቱን ግማሽ ብቻ ነው። ጫልቱ ከተረኞቹ ጋር ስትጣላ የመጀመሪያ ቃሏ «ይህን ውሃ ቶሌ ነው ያመጣው፣ በሥልጣኑ ዘመን» የሚል ነው።

በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ይወዳደሩ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር።

«አንዴ ተሽሬያለሁ፣ ይበቃኛል» አሉ። «ግን ያንን ኮት ለሌላ ሰው እንዳታለብሱ።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ኮቱን የት እንዳደረሱት አላውቅም። በእኔ ቦታ ለገባችው ልጅ የክፍሉን ደንብ ሳስረክብ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። ተወዳዳሪ ሲመጣ ሹራቡን አታስወልቂው፣ ጠረጴዛውን አንሺለት፣ ሙሌቱን አጥፊው። ፊቱ ላይ ጥላ ይኑር። ሰው ድምፁን የሚሰጠው ገና ያልተሾመ ለሚመስል ሰው ነው።