የማይስማሙት ሁለት ጂፒኤሶች

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ታፈሰ ከፈንጂ ወረዳው ማዶ፣ አንዲት ራሰ በራ ኮረብታ ላይ እግሩን ተመትቶ ቀርቷል፤ ሳይመሽ አምጡት። አምስት ሰዎች ተመደብን፤ የጋንታው መሪ መቶ አለቃ ደምሴ፣ ዘርጋ፣ ቃሬዛ ተሸካሚው ከበደ፣ አንድ የሕክምና ጓድ እና እኔ፣ አስር አለቃ ሙዘይን። የመስቃን ገበሬ ልጅ ነኝ። ዛሬ ቡታጅራ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው ልጄ ሐያት ባለፈው ሳምንት በተናገረችው አንድ ነገር ምክንያት ነው። እሱን እመጣበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ዕቃዎቹ ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእነሱ ነውና። ጂፒኤስ ማለት ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ያለህበትን ቦታ በቁጥር የሚነግርህ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። የጋንታችን ግራጫና እንደ ጡብ የከበደ ነበር። አራት ባትሪ ጎርሶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ይርበዋል። ሳተላይቶቹን አንድ በአንድ ስለሚፈልግ አሥር ደቂቃ፣ ሲብስበትም ሩብ ሰዓት ሜዳ ላይ ያስገትርሃል። ዛፍ ሥር ከሆንክ ጭራሽ አይሰማህም። ተሸካሚው እኔ ስለነበርኩ ጓዶቼ «የሙዘይን በሬ» ይሉት ነበር፣ ካልፈለገ አይነሳማ።

ዘርጋ የእምድብር ልጅ ነው። አገና ላይ ሱቅ ያላቸው ታላቅ ወንድሙ፣ ጋሽ ሳህሌ፣ አዲስ የወጣ ቢጫ ጂፒኤስ ከአዲስ አበባ ገዝተው ላኩለት። መቶ አለቃ ደምሴም አገላብጦ አይቶ ፈቀደ። ኪስ ይገባል። በሁለት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሳተላይቶቹን ባንድ ላይ ስለሚይዝ ከደቂቃ ብዙ አይቆይም፤ የመጣህበትን መንገድም በመስመር ይስልልሃል። ቀናሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ምሽጋችን ውስጥ ሁለቱን አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ቁጥራቸው አልተስማማም። ያኔ ማንኛውም ጂፒኤስ እስከ መቶ ሜትር ሊስት እንደሚችል ተነግሮናል፤ የእነዚህ ልዩነት ግን ከሁለት መቶ በላይ ነው። ዘርጋ ግራጫውን በጣቱ መታ መታ አደረገውና «ሽማግሌው መዘባረቅ ጀመረ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። አሮጌና አዲስ ሲጣሉ የሚፈረደው ለአዲሱ ነው። እኔ ግን እየሳቅሁ ቁጥሮቹን ደግሜ አየኋቸው። ሥልጠና ላይ ስለዚህ ጉዳይ የተባለ ነገር ነበር፤ ምን እንደነበር አልመጣልህ አለኝ። ተውኩት።

እንግዲህ ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ልመለስ። መሐንዲሶቻችን በፈንጂ ወረዳው መሐል ለአንድ ሰው የምትበቃ ጠባብ መተላለፊያ ከፍተው ነበር። አፏ ላይ ነጭ ቀለም የተቀቡ ሁለት ድንጋዮች አሉ። የዚያን ቦታ ቁጥር በግራጫው ወስጄ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መሣሪያው እስከ አካባቢው ያደርስሃል፣ የቀረውን ዓይንህ ይጨርሳል።

አንዲት ሸለቆ ውስጥ ተኛን። ሞርታር ከፊታችን ይወድቃል፤ አቧራው ጨርሶ ሳይሰክን ሌላው ይመጣል። ዘርጋ ቁጥሩን ከደብተሬ ገልብጦ ቢጫው ላይ ሞላ። እኔ ግራጫውን ከፍቼ ወደ ሰማይ ያዝኩት። መስኮቱ ላይ «በመፈለግ ላይ» ከማለት በቀር ምንም የለም።

በሬዲዮው የታፈሰ ድምፅ መጣ። «እየመጣችሁ ነው ወይ?»

«መጣን» አለው ደምሴ። ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ይፈጅብሃል?»

«አሥር ደቂቃ። ምናልባት።»

«አሥር ደቂቃ የለንም።»

«የኔ ይዟል» አለ ዘርጋ። «በግራ ነው፣ ቅርብ ነው።»

የዚያን ጊዜ የምሽጉ ድንጋይና የማይስማሙት ቁጥሮች ትዝ አሉኝ። «ቆይ» ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ነው የማስቆማቸው? ምክንያት የለኝም። በዚያ ላይ የእኔ አሮጌ ዘባራቂ ነው ተብሏል። ዝም አልኩ።

ከሸለቆው ወጥተን እየተሳብን ሄድን። ዘርጋ ከፊት፣ ከበደ ቃሬዛውን ይዞ ከኋላው፣ እኔ መጨረሻ። ቢጫው ደረሳችሁ አለ። ነጭ ድንጋይ ግን የለም። ዘርጋ ግራ ቀኝ አየ፤ ፊቱ ላይ ላብና አቧራ ጭቃ ሆኗል።

«ሞርታሩ በትኗቸዋል» አለ። «ቦታው ይኸው ነው። መሣሪያው ይላል።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ደምሴ።

«ሰውየው እየደማ ነው እኮ መቶ አለቃ።»

ቢጫውን ለደምሴ አቀበለና ተነስቶ ገባ። አራት እርምጃ ቆጠርኩለት። አምስተኛውን አልቆጠርኩም።

ዘርጋ እዚያው ቀረ። ከበደን የፈንጂው ፍንጣሪ አንገቱ ላይ አገኘው፤ የሕክምናው ጓድ ሳይደርስለት አለፈ። በዚህ መሐል እጄ ላይ ያለው የግራጫው መሣሪያ መስኮት ተቀየረ። ይዟል። የመተላለፊያዋ አፍ እኛ ካለንበት ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይርቃል ይላል። በቀኝ በኩል ካለችው ቁጥቋጦ ጀርባ ተስቤ ሄድኩ። ሁለቱ ነጭ ድንጋዮች እንደተቀመጡ አሉ። አንዳቸውም አልተነኩም።

በመተላለፊያዋ ገብተን ታፈሰን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አወጣነው። ዛሬም በሕይወት አለ።

በማግስቱ አንድ መሐንዲስ ሁለቱን መሣሪያዎች አየልን። «አንዱም አልተበላሸ» አለ። «ምድርን የሚለኩበት መነሻ ነው የተለያየው። አሮጌው ከአገራችን ካርታ ጋር እንዲገጥም ተስተካክሏል። አዲሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ሌላው ላይ ብትሞላው ሌላ ቦታ ይወስድሃል። ሁለት ቁልፍ መጫን ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም።» ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሥልጠናው ገጽ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የካርታውን መነሻ አስተካክል።» ጽፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ገልጬ አላነበብኩትም።

ከሠራዊቱ ስሰናበት ለዘርጋ ልቅሶ እምድብር ሄድኩ። ጋሽ ሳህሌ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠየቁኝ። «ያ የላክሁለት ዕቃ ጠቅሞታል?»

«በጣም ጠቅሞታል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። «አንድ ነገር እንኳ አድርጌለት ሄደ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለመስቀል አገና ይጠሩኛል። እስላም ስለሆንኩ ለእኔ አንድ በግ ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ እኔው ባርኬ አርደዋለሁ፣ አብረን እንውላለን። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ሐያት እዚሁ መስቃን ውስጥ የገበሬ መሬት በጂፒኤስ ትለካለች። ባለፈው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቷ አዲስ መሣሪያ መጥቶ ኖሮ ማታ እራት ላይ እየሳቀች «አባ፣ አሮጌው ሁለት መቶ ሜትር ይስታል፤ ልንጥለው ነው» አለችኝ። እንጀራው ከእጄ ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም አስመጣኋት፤ ግቢያችን ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የአዲሱን መነሻ አስተካከለችው። ቁጥሮቹ ተቀራረቡ፣ በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀረ። አዲሱ በሁሉም ነገር ይበልጣል፣ አልክድም፤ ዝናብ ላይም፣ ጫካ ውስጥም፣ በባትሪም። ከአሮጌው ሳታስታርቀው ግን ይዘኸው አትውጣ።

«ይህን እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ የጻፍኩላችሁን ሁሉ።

«ለጋሽ ሳህሌ ነግረሃቸዋል?» አለች።

አምስት ሆነን ሄድን። ሦስታችን ታፈሰን ይዘን ተመለስን። ዘርጋና ከበደ ቀሩ። የቢጫው ጥፋት አልነበረም፣ የላኩትም ሰው ጥፋት አልነበረም፤ ደብተሩ የእኔ ነው፣ ዝምታውም የእኔ ነው። መስቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብተሩን ይዤ አገና እሄዳለሁ፤ የምነግራቸውም በጉን ሳልነካ ነው። ከዚያ በኋላ ቢላዋውን ይስጡኝ አይስጡኝ፣ እሳቸው ያውቃሉ።