በር ላይ የተውኩት ጣሳ

ትናንት ወንድምሽ ባጃጁን ግቢ አቁሞ የፍሬን ዘይት ሲከፍት ሽታው እስከ ጓዳ መጣብኝ። ጣፈጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን አፍንጫ ይይዛል። የያዝኩትን ሰፌድ አስቀምጬ ወጣሁና ክዳኑ ላይ ያለውን አንብብልኝ አልኩት። «እማዬ ደግሞ፣ የፍሬን ዘይት መሆኑን መች አጣሁት» ብሎ ሳቀብኝ። አንቺም እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው የምነግርሽ። ነገሩ ሲሆን አንቺ ገና ሕፃን ነሽ፣ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባሕር ዛፋችንን ሸጦ ያገለገለች ሎደር ገዝቶ ነበር፤ ከፊቷ አካፋ፣ ከኋላዋ መቆፈሪያ ክንድ ያላት። ዓመታት የሰው ማሽን ሲነዳ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ያዘ። አንኮበር አካባቢ ለውኃ ቧንቧ መቅበሪያ እንዲቆፍር ሥራ ተሰጠው፤ እኛም እዚያው ቤት ተከራየን። ሰዉ «ኦፕሬተሩ» ሲለው እንዳልሰማ ይሆናል፤ ኮፍያውን ግን ያስተካክል ነበር።

ሎደሯ አመል ነበራት። ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። ቧንቧ የሚቀብሩት ሰዎች «ይቺስ ሰነፍ በቅሎ ናት፣ ቁሚ ስትባል ትተኛለች» እያሉ ያሾፉበታል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየወጣ፣ እኔን ከኋላዋ አቆመኝ። እሱ ይረግጣል፣ እኔ የኋላውን መብራት አይቼ እናገራለሁ። «በራ?» ይላል፤ «አልበራም» እለዋለሁ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ይቀይራል፣ ይረግጣል፣ እንደገና ይቃጠላል። በመጨረሻ ከሥሯ ገብቶ የፍሬን መብራቱን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ሲሄድ፣ ብረት ላይ ተፈትጎ የተላጠ ቦታ አገኘ። ለካ መብራቱና ሞተሩ በአንድ ፊውዝ ነበር የሚሠሩት። በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለው። በራ ስለው አንቺም ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ሳቅሽ።

የቀረው ፍሬኑ ራሱ ነበር። ሲረገጥ ይላላል፤ ዘይቱም ጎድሏል። ደብረ ብርሃን ሄጄ እንድገዛ ላከኝ። ከድሮው ዘይት ጥቂት በጣሳ ቀድቶ ይሄን አሳዪያቸው፣ ከዚህ ሌላ እንዳይሰጡሽ አለኝ። ጣሳው ግን ከጎኑ ያንጠባጥብ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ የሰው ልብስ ላይ ቢፈስስስ? አንቺም ያገኘሽውን ሁሉ አፍሽ ውስጥ የምትከቺበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ሳስብ ቆይቼ በር ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ባለሱቁን ከሁሉ የተሻለውን የፍሬን ዘይት ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። ማሸጊያው አለመከፈቱን ሦስት ጊዜ አየሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ፊደል ክዳኑ ላይ አልነበረም።

በሳምንቱ ይሁን በአሥር ቀኑ፣ ምሳውን ይዤ ስሄድ ሎደሯ ቁልቁለቱን ስትመጣ አየኋት። አመጣጧ ልክ አልነበረም። አባትሽ ከመቀመጫው ተነስቶ መላ ሰውነቱን ፍሬኑ ላይ ጥሏል። ከመንገዱ ጠርዝ በታች ገደል ነው።  ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንቺን ከጀርባዬ አውርጄ ፊትሽን ደረቴ ላይ መደበቅ ነው። እሱ የፊቱን አካፋ መሬት ላይ ጣለው። ብረቱ ድንጋዩን ሲፍቅ የወጣው ድምፅ ዛሬም ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። ሄዳ ሄዳ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ተጋድማ ቆመች። አባትሽ በእግሩ ወረደ። 

ከደብረ ብርሃን የመጣው መካኒክ ፍሬኑን ፈቶ፣ ጎሚኒ የሚሉትን ቀለበት የመሰለ ጎማ አወጣና በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አደረገው። አብጦ ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ መስሏል። ለካ የሷ ፍሬን የመኪና የፍሬን ዘይት አይቀበልም፣ ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል፤ የሚገባባት ሌላ ነው።

«ይሄን ዘይት ማነው ያመጣው?»

አፌን ከፈትኩ። አባትሽ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እና አንተ ኦፕሬተር ነህ?» አለው መካኒኩ። ቧንቧ ቀባሪዎቹ ሳቁ። አባትሽ እጁን በሱሪው እየጠረገ መሬት መሬቱን ያያል። አንቺ አላለቀስሽም፤ እኔ ግን እንዳለቀሰ ልጅ እሹሩሩ አልኩሽ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንዲያ አልክ ብዬ ጠየቅሁት።

«አንቺ ልጅ አዝለሽ ነው የሄድሽው» አለኝ። «እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ቀለሙ ልዩ መሆኑንም አይቻለሁ፤ አይቼ ነው የጨመርኩት።»

ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም።

ሥራውን ለሌላ ሰጡት። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ደርሶ ኖሮ፣ ለሌላ ሥራም የጠራው አልተገኘም። ሎደሯን ከጫጫ ከተማ የመጣ ሰው ገዛት። በትልቅ መኪና ጭኖ ሊሄድ ሲል፣ አባትሽ መስኮቱ ሥር ሄዶ ፍሬኗ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ነገረው። ሰውዬው ገባኝ አለው።

«እስቲ ድገምልኝ» አለው አባትሽ።

ሰውዬው እየሳቀ ደገመለት። አባትሽ ግን አንዴ ደግሞ አስደገመው። እኔም አንቺን አዝዬ፣ ከኋላው ቆሜ፣ በልቤ አብሬ ደገምኩት።