ከምርቃቱ በኋላ ያልሰማሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ አብሬው ለምሠራው አጎቴም አልነገርኩም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለሚከብደኝ እጽፈዋለሁ፤ የሚያነበውን ሰው ፊት አላይም፣ እሱም የእኔን አያይም። ነገሩ ይህ ነው፦ አንዲት ሴት የሟች አባቷን ቃል በስልኳ ይዛ መጣች። እኔ አጠፋሁት። ከዚያ ደግሞ «ስልኩ ራሱ ነው ያጠፋው» አልኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቋርጥ እናቴ ወልቂጤ ወዳለው ወንድሟ ላከችኝ። አጎቴ ነስሩ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። እሱ ስልክ ይፈታል፣ ይበይዳል፣ ስክሪን ይቀይራል። እኔ መፍታት የማያስፈልገውን እሠራለሁ፤ አፕ እጭናለሁ፣ አፕዴት አደርጋለሁ፣ የሞላ ስልክ አጸዳለሁ። አንገት ደፍቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ተስማማኝ። ደንበኞች ይቀልዱብኝ ነበር።

«ነስሩ፣ ለዚች ልጅ ድምፅ አልጫንክላትም እንዴ?»

«ሳይለንት ላይ ናት» ይላል አጎቴ፣ ቀና ሳይል። «ግን ትሠራለች።»

ከሥራዬ ሁሉ የሚበዛው ማጽዳት ነበር። ሰው ስልኩ የታመመ ይመስለዋል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ እንቢ አለኝ» ይላል። ስልኩ ግን ያው ነው፤ ያበጠው ውስጡ የገባው አፕ ነው። ሥራ ስጀምር የመልእክት መላኪያው አፕ በትንሽ ስልክ ላይ ቀልጠፍ ብሎ ይሠራ ነበር። አሁን በየጊዜው አፕዴት ይጠይቃል፣ አፕዴት በተደረገ ቁጥርም ይከብዳል። ሥራው ግን አልጨመረም፤ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ ነው። የባንክ አፕም እንዲሁ። አፕዴት ካልተደረገ አይከፈትም፤ አፕዴት ለማድረግ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ደግሞ የለም። አፑ ከራሱ አይቀንስም። የሚቀንሰው የስልኩ ባለቤት ነው፤ የልጁን ፎቶ፣ የሠርጉን ቪዲዮ። ይህን ቅነሳ በእጄ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

የማጽዳት ሥራ የራሱ ወግ ነበረው። ስልኩ ውስጥ ያለውን በመጠን አሰልፎ ከትልቁ መጀመር ነው። ትልቁን ከፍቶ ማየት፤ የሰው ፊት ካለበት ባለቤቱን መጠየቅ፤ ምርቃት ከሆነ ሳይጠይቁ ማጥፋት። ምርቃት የምለው በየግሩፑ የሚዞረውን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ሳይቀዳ የሚያልፍ የለም። የቀዳው አዲስ አበባ ላለው ዘመዱ ይልካል፣ ያ ለሌላው ይልካል፣ አፑም የመጣለትን ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ ያስቀምጣል። አንዱን ምርቃት በአንድ ስልክ ላይ አራት ጊዜ አግኝቼ አውቃለሁ። አጎቴ «ምርቃቱን አጥፊው፣ ነገ ሌላ ይመጣል» ይለኝ ነበር። አጠፋ ነበር። አንድም ሰው ምርቃቴ ጠፋ ብሎ አልተመለሰም።

እትዬ አስካለ የመጣችው መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከአገና በላይ ካለ መንደር ናት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መናኸሪያውን ሞልቶት ነበር፣ ሱቃችንም እንደዚያው። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነው የተናገረችኝ።

«የኔ ልጅ፣ የባንኩ አልከፍት አለኝ። ቦታ የለም ይላል። ሌላውን አደራ እንዳትነኪብኝ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። አደራ የማይል ደንበኛ የለም። እሷ ወደ አገና በሚመለሰው ሚኒባስ ቦታ ልትይዝ ወጣች፤ በራችን ላይ ቆማ ከረዳቱ ጋር ስትከራከር ይሰማኛል። እኔ ስልኩን በመጠን አሰለፍኩት። ከላይ የቆመው አንድ ረጅም የድምፅ ቅጂ ነበር። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። ከፈትኩት። አንድ ሽማግሌ በዝግታ፣ ሳል እያቋረጠው፣ ይመርቃል። ሌላ ሰው «አሜን» ይላል። ቋንቋው የእነሱ ጉራግኛ ስለሆነ ብዙውን አልሰማም፤ የምርቃት ዜማ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል። አንድ ደቂቃ ያህል አዳመጥኩ። ምርቃት ነው አልኩ። አጠፋሁት። እንደ ልማዴም የተጣለው የሚቆይበትን ቅርጫት ባዶ አደረግኩ። የባንኩ አፕ ወረደ፣ ገባ፣ ተከፈተ። ሴትየዋ መርቃኝ ሄደች።

ለምን አልጠየቅኋትም? አምስት እርምጃ ርቃኝ ነበር የቆመችው። «እትዬ፣ ይህን ላጥፋው?» ብሎ መጣራት ይበቃ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ድምፄን ማሰማት አፈርኩ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ማፈሬ ለእሷ ምኗ ነው? እጄ አላፈረም። እጄ ከአፌ ፈጥኖ ሠራ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። ሻርፗ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ስልኩን አጎቴ ፊት አስቀምጣ ቆማ ተናገረች፣ እኔም ያጠፋሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ሰማሁ።

ባሏን ፈታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሁለት ወንድሞቿ አዲስ አበባ ነጋዴዎች ናቸው። ታሞ የተኛውን አባቷን ያስታመመችው እሷ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የእንሰት ጓሮ የተከለችውና እንሰቱን እያዛወረች ያሳደገችው እሷ ናት። አባትየው ሊሞት ሲል አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አስጠራ፣ ልጁን «ስልክሽን ክፈቺና ድምፄን ቅጂው» አላት፣ ጓሮው የእሷ እንዲሆን ተናዘዘ። ጎረቤቱ ያንኑ ክረምት ሞተ። ወንድሞቿ ይህን ሲሰሙ አልተቃወሙም። «ለመስቀል ስንመጣ ሽማግሌ ፊት ድምፁን አሰሚን፤ አባታችን ብሎ ከሆነ ብሏል» አሏት። የጓሮው ጉዳይ በዚያ ድምፅ ላይ ነበር የቆመው።

በእኛ አገር ቁም ነገር በቁም ነገሩ አይጀመርም። ሊሞት የተኛ አባት ንብረቱን ከማካፈሉ በፊት ልጆቹን ይመርቃል፣ መሬቱን ይመርቃል፣ ዝናቡን ይመርቃል። ምርቃቱ ከቃሉ ይረዝማል። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። የእኔ አያትም እንደዚያው አድርገዋል፤ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

አጎቴ ስልኩን ገለባበጠና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ በእጅሽ ነክተሽዋል ወይስ በአፕዴቱ ነው? በእጅ የጠፋ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ አድርጌ እፈልገዋለሁ። ብዙ ካልቆየ አንዳንዴ ይገኛል።»

ማምለጫው በር ይህ ነበር። የእሷም የእኔም። እኔ ዘጋሁት።

«አፕዴት ሲያደርግ ነው» አልኩ። «ራሱ ነው ያጠፋው።»

አጎቴ አመነኝ። ለምን አያምነኝ? አፕ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲበድል ነው የሚውለው። ስልክ ያግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ካርድ ይበላል፣ ያልተጠራበት ይገባል። በዚያ ሁሉ ጥፋቱ ላይ የእኔን አንድ ጥፋት ብጭንበት ማን ይለየዋል? «እነዚህ የማይጠግቡ!» ብሎ ተራገመ፣ ለእሷም «እትዬ፣ እሱ ከበላው የት ብዬ ልፈልገው?» አላት። እሷ ስልኩን አንስታ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። ያልቆሸሸውን ስልክ ነው የጠረገችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ዕቃው ነው።»

በመስቀሉ ዋዜማ አዲስ አበባ አፕ የሚሠራ አንድ የአገራችን ሰው ስክሪኑ ተሰብሮበት መጣና ሱቃችን ተቀምጦ ጠበቀ። አጎቴ ሥራውን ሲሰማ አልለቀቀውም።

«እናንተ ናችሁ ለካ! ምን እየጨመራችሁበት ነው እንዲህ የሚያብጠው? እርሾ ነው?»

ሰውየው ሳቀ። «ጋሽ ነስሩ፣ እኛ የምንሞክረው በአዲስና በትልቅ ስልክ ነው። እኛ ጋ ይበራል። የዚህን አገር ስልክ መቼ አየነው?»

«ታዲያ የማያስፈልገውን አታወጡም?»

«ማን ያውቀዋል የቱ እንደማያስፈልግ? አንዱ የሠራው ላይ ሌላው ይቀጥላል። አንዲት ነገር ስፈልግ ሰው የሠራውን ሙሉ የኮድ ጥቅል አመጣለሁ፤ ከውስጡ አንዷን እጠቀማለሁ፣ ሌላው አብሮ ይጫናል። ከፍቼ ላጣራ ብል ጊዜ የለም፣ አለቃ ይጣራል። ደግሞ ስትጨምር ጎበዝ ትባላለህ። ስትቀንስ ማን ያይሃል?»

«እኔማ ምን አገባኝ» አለ አጎቴ። «እናንተ ባትኖሩ እኔ ምን እበላ ነበር?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከፍቼ ላጣራ ብል ጊዜ የለም ያለው ነገር ገባኝ፤ እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው። ላይ ላዩን አይቶ ማለፍ፣ ባለቤቱ በሌለበት መወሰን፣ ጉዳቱን ሌላ ቦታ ላለ ሰው መተው። ለአንድ አፍታ ቀለለኝ። ጥፋቱ ለብዙ ሰው የተከፋፈለ መሰለኝ፤ ጥቅል ለሠራው፣ ለጨመረበት፣ ለሚያጣድፈው አለቃ፣ ለእኔም ትንሽ። ግን ያን አፕ ያሳበጡት ሰዎች የእትዬ አስካለን አባት አያውቁትም። ሳሉን የሰማሁት እኔ ነኝ። አፑ ቦታ ጠየቀ እንጂ የቱን ላጥፋ አላለም። የመረጥኩት እኔ ነኝ። በእጅሽ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አፑ ዋሽቶ አያውቅም።

የሆነውን በኋላ ከእሷው አፍ ሰማሁ፤ ለሌላ ጉዳይ ሱቅ መጥታ ነው። መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎች ጀፎረው ላይ፣ በመንደራቸው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ተቀመጡ። ድምፅ የለም። ታላቅ ወንድሟ አልጮኸም። «አስካለ፣ ድምፅ አለ አልሽ፤ ስንመጣ ጠፋ አልሽ። እኛ እንግዲህ ምን እንበል?» ብቻ አላት። ሽማግሌዎቹም ያልሰሙትን ቃል ሰማን ማለት አልቻሉም። ጓሮው ተከፈለ። ለእሷ ወደ ገደሉ የሚወርደው ደረሰ። ወንድሞቿ አዲስ አበባ ሆነው እንሰት መንከባከብ ስለማይችሉ የደረሳቸውን ነቅለው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። እንሰት የአንድ ዓመት ነገር አይደለም፤ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚበላው። የነቀሉት የእሷን ዓመታት ነው።

ይህን ስትነግረን ድምፅዋ አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«መሬቱስ ይሁን» አለች። «በአባቴ ስም ዋሸች ይሉኛል። ቅጂ የሚባል ነገር አልነበረም ይላሉ።»

አጎቴ «አይዞሽ እትዬ» አላት። እኔ የሰው ስልክ ይዤ አንገቴን ደፋሁ። ያን የአባቷን ቅጂ ከእሷ ሌላ የሰማ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ማጥፋቴ የአንድ ደቂቃ ስህተት ነው ሊባል ይችላል። ዝምታዬ ግን ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። በየቀኑ አዲስ አድርጌ ሠራሁት።

ባለፈው ሳምንት የአገና መስመር ሚኒባስ ረዳት ሱቃችን ሲያወራ ሰማሁ። ታናሽ ወንድሟ ያ የገደሉም መሬት ይከፈል ብሎ ሽማግሌ ጠርቷል። እሷ አባቴ ሰጥቶኛል ብትል «ያ ያልነበረው ድምፅ እንደገና ተናገረ ወይ?» እያሉ ይስቁባታል አለ። አጎቴም ሳቀ። አጎቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያልነገርኩትን ስላላወቀ ነው።

ሽማግሌው የሚቀመጠው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ይህን ጽሑፍ ለአጎቴ እሰጠዋለሁ። ከሱቁ ቢያስወጣኝ አልፈርድበትም፤ ስሙን ያጎደፍኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አገና እሄዳለሁ። ቆሜ መናገር ካቃተኝ አንብቡልኝ ብዬ እሰጣቸዋለሁ። ይቅርታ እንድታደርግልኝ አልለምናትም፤ እሷ አንድ ጊዜ ይቅር ብላለች፣ ይቅር ያለችው ግን ዕቃውን ነው። በእኔ ስም እንድትደግመው መጠየቅ አልችልም።

ስመሰክርም ሙሉ ምስክር አልሆንም። ድምፁ ነበር፣ አስካለ አልዋሸችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ሽማግሌዎቹ «ጓሮውን ለእሷ ሲል ሰምተሻል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አልሰማሁም። እስከዚያ አላዳመጥኩም።