ማተብ በጥርስ ይዞ ፈጣምን መሻገር

ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አሁንም አፌን ግጥም አድርጌ እዘጋለሁ። ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኝና «አንቱ፣ ደግሞ ወንዝ ገቡ?» ትለኛለች። አልመልስላትም። አፌ ተዘግቷላ!

ነገሩ የመጣው ከጎረቤታችን ልጅ ነው። ከቡሬ ወጣ ካለው መንደራችን ተነሥታ፣ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተሻግራ ዓረብ አገር ስትሠራ ኖራ ተመለሰች። የመጣች ሰሞን መንደሩ በሙሉ ሊጠይቃት ጎረፈ። ሁሉም እሷን እየሳመ ሻንጣዋን ያያል። እኔ የሻንጣውን ነገር ባለቤቴ አጣርታ እንደምትነግረኝ ስለማውቅ ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ባሕሩ ግን ምን ይመስላል?»

እሷም ነገረችኝ። ጀልባዋ ከዳር ሳትደርስ፣ ውሃው ገና ከሰው ቁመት በላይ ሳለ፣ ደላሎቹ «ዝለሉ!» ብለው ወደ ባሕሩ ገፈተሯቸው። ማዕበሉ የቤት ጣሪያ አክሎ ይመጣል። ብዙዎቹ ጀርባ ሰጥተው ሊሸሹ ሲሉ ከኋላ እየደረሰ ጠቀለላቸው። እሷን ያተረፈቻት ከጎኗ የነበረች፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያደገች ሴት ናት። ማዕበሉ ሊደረመስ ሲል ትንፋሽ ትስባለች፣ አፏን ትዘጋለች፣ ራሷን ከሥሩ ትቀብራለች። በላይዋ ያልፋል። ብቅ ትልና ትተነፍሳለች፤ ያኔ ሌላው ደርሷል። እሷም እንዳየችው አደረገች።

«የሚገድለው መሸሹ ነው አባቴ» አለችኝ። «መታገሉም ይገድላል። ዝቅ ብሎ ማሳለፍ ነው እንጂ።»

እኔ ጅሉ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «መልካም፣ ቡሬ ላይ ማዕበል የመጣ ቀን አስታውሰዋለሁ» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

በኋላ ከፈጣም ወንዝ ማዶ አገባች። ባለፈው ሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደችና ላከችብኝ፤ «ክርስትና የሚያነሱልኝ እርስዎ ነዎት። ሻንጣዬን ያላዩብኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ባለቤቴ ሻንጣው ውስጥ ስለነበረው እያንዳንዱ ቀሚስ አንድ በአንድ እንደተረከችልኝ አልነገርኳትም። አንዳንድ ክብር ሲመጣ ዝም ብሎ መቀበል ነው።

የባሏ አጎት ግን ይህን ክብር ለራሱ ያስበው እንደነበር ሰምቻለሁ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ልብሱ የጸዳ ሰው ነው። ልብሱ ሁልጊዜ የጸዳ ሰው ደስ አይለኝም።

ልጁ አርባ ቀን የሚሞላው ዕለት ሲነጋ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«አባቴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ፈጣም ሞልቷል። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ እንዳይመጡ። ቄሱም አይቀየሙም፣ የባለቤቴ አጎት ያነሡታል።»

እስከ «እንዳይመጡ» ድረስ ልስማማ ነበር። «አጎት» ስትል ከአልጋዬ ወረድኩ።

«መጣሁ» አልኳት።

ባለቤቴ አዲሱን ጋቢ እየሰጠችኝ «በድልድዩ ይዙሩ እንግዲህ» አለች።

«በድልድዩ ስዞር ልጁ ድቁና ተቀብሎ ይጠብቀኛል!»

«ይቀበል። እርስዎ ቆመው ያያሉ።»

መስማት ነበረብኝ። ግን ድልድዩ ግማሽ ቀን ያስዞራል፤ ቄሱ ደግሞ ቅዳሴ አቁመው እኔን አይጠብቁም። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የገዛሁትን ማተብ፣ ልጁ ተጠምቆ አንገቱ ላይ የሚታሰርለትን ጥቁርና ቀይና ነጭ ክር፣ በእጄ ይዤ ቦራውን በሬዬን ከበረት አስወጣሁ።

እኛ የፈጣም ዳር ሰዎች ክረምት የምንሻገረው በበሬ ጅራት ነው። ዋና የሚችል በሬ ከፊት ይነዳል፤ ሰውየው ጅራቱን በሁለት እጁ ይዞ ይከተላል። በሬ ይዋኛል፣ ሰው ይጎተታል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ልብስ ይወልቃል፣ ተጠቅልሎ ራስ ላይ ይታሰራል፣ ጅራት አይለቀቅም። በጉልምስናዬ በዚህ ሥራ የታወቅሁ ነበርኩ። ዝናዬን ከእኔ አፍ በቀር የሚያወራው ባይኖርም ዝና ዝና ነው።

ዳር ስደርስ ግን የወንዙ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ። ውሃው ደፍርሶ እንደ ሸክላ አፈር ቀልቷል፤ የተነቀለ ቁጥቋጦ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል። መሀል ላይ፣ በበጋ ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበት ትልቅ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ አይታይም። ውሃው በላዩ ዘሎ ሲወርድ ግን ከበታቹ ማዕበል ይሠራል፤ አንዱ ሲደረመስ ሌላው ከኋላው ይቆማል። ጉልበቴ እኔን ትቶ ወደ ቤት ሊመለስ ፈለገ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ከአካሌ ሁሉ አዋቂው ጉልበቴ ነበር።

ከማዶ ቆመው አየኋቸው። እሷ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ ባሏ መጫኛ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሏል፤ አጎትየው ጃንጥላ ይዟል። እሷ በነጻ እጇ «ይመለሱ! ይመለሱ!» እያለች ታርገበግባለች። አጎትየው ነጭ ጋቢ ለብሷል። ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ሱሪና ሸሚዜን አወለቅሁና ጠቅልዬ ራሴ ላይ አሰርኩ። ጋቢውን ላወልቅ ስል ግን እጄ ቆመ። እንዴት ብዬ! ዛሬ በመንፈስ የምዛመዳት ሴት ፊት፣ የክርስትና ልጄ እናት ፊት፣ ሽማግሌው በቁምጣ ከውሃ ልውጣ? ጋቢውን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አጥብቄ ቋጠርኩት። ለማተቡ ቦታ አጣሁለት፤ በጥርሴ ነከስኩት። ከዚያ ቦራውን «ሂድ!» አልኩት። አፌ ስለተያዘ «ህም!» ብቻ ነው የወጣኝ። ቦራው ግን ገባው።

መጀመሪያ ውሃው እስከ ጭኔ ነበር፤ ወዲያው መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ብርዱ ትንፋሼን ቀማኝ። የማየው የበሬውን ቀንድና የራሴን እጆች ብቻ ነው። ጎርፉ ሁለታችንንም ወደ ታች፣ ወደዚያ ድንጋይ ይገፋናል። ቦራው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ እያጉረመረመ ይቀዝፋል። «እንዲህ ነው እንጂ» አልኩ በሆዴ። ሰው ሊሰጥም ሲል እንኳ ራሱን ያመሰግናል።

ያን ጊዜ ጋቢው ውሃ ጠገበ። ጋቢ ደረቅ ሳለ ልብስ ነው፤ ሲረጥብ ግን አንድ ሰው ከሥር ወገብህን አቅፎ ወደ ታች የሚስብህ ይመስላል። ቋጠሮው ላላና ወደ ጉልበቴ ተንሸራተተ፣ እግሮቼን ጠቀለላቸው። እኔም፣ ከዚህ በኋላ ማንም ሽማግሌ ብሎ አይጥራኝ፣ አንድ እጄን ከጅራቱ አንሥቼ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብኩ። እንዳይታይብኝ ብዬ! ማዕበሉ በዚያው ቅጽበት ፊቴን መታኝ። ዓይኔን ስገልጥ እጄ ውስጥ ጅራት የለም።

ቦራው ወደ ማዶ፣ እኔ ወደ ድንጋዩ።

ፈራሁ። ብዙ ጊዜ ፈርቼ አውቃለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነው። ፍርሃቱ ሐሳብ አልነበረውም። ጸሎት አልመጣልኝም፣ ልጆቼም ትዝ አላሉኝም። መሸሽ ብቻ። ወደ መጣሁበት ዞርኩና ጀርባዬን ለማዕበሉ ሰጠሁ። ከኋላዬ መጣና ገለበጠኝ፤ እግሬ ሰማይ፣ ራሴ ጭቃ ውስጥ። ራሴ ላይ የነበረው ልብስም ሄደ። ውሃው በአፍንጫዬ ገባ። አፌ ግን ማተቡን ነክሶ እንደተዘጋ ነው። ብቅ ስል ሩቅ የሆነ የሴት ጩኸት ሰማሁ።

«ጋቢውን! አባቴ፣ ጋቢውን ይጣሉት!»

ሕፃኑን ለአጎትየው አስታቅፋ በዳር በዳር ትሮጣለች፤ የአርባ ቀን አራስ! ባሏ ቀሚሷን ይዞ ወደ ኋላ ይስባታል።

ጋቢውን ለቀቅሁት። ነጭ ሆኖ ተዘርግቶ አለፈኝ፤ እግሮቼ ተፈቱ። ሌላ ነገር ጮኸች፤ ውሃው ሲያገሳ ግን አልሰማኋትም። መስማት እንደማልችል ገባት መሰለኝ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሣችው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ጣለችው። ምን ማለቷ ነው? ብዬ ሳስብ ማዕበሉ ደረመሰብኝና ትርጉሙን ነገረኝ።

በሚቀጥለው ነጠላዋ ሲወድቅ ትንፋሼን ስቤ ራሴን ከሥሩ ቀበርኩ። ጨለማ። ጆሮዬ ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭ ድምፅ። አንድ ከባድ ነገር በጀርባዬ ላይ አለፈ። ብቅ ስል ነጠላው ወደ ላይ ነው፤ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። ደግሞ ወረደ፤ ወረድኩ። ተነሣ፤ ተነሣሁ። በዳር ሆና የሚመጣውን ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ወንዙን ማየት ተውኩ። ብርዱ ግን እጄን እያደነዘዘው ነበር፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ይቺ ነጠላ ካመለጠችኝ አለቀልኝ» የሚል ፍርሃት ዓይኔን እንኳ እንዳልጨፍን ከለከለኝ። ወደ ማዶ ቀጥ ብዬ ልቅዘፍ ስል በእጇ ወደ ታች አሳየችኝ፤ ከውሃው ጋር፣ በሰያፍ። እንደ ታዘዝኩት ሆንኩ። በሕይወቴ ሙሉ ለሴት ቃል እንደዚያ ቀን ታዝዤ አላውቅም፤ ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ነው ይበልጥ የተቀየመችኝ።

ከድንጋዩ በታች ወንዙ ይታጠፋል። እዚያ ውሃው ወደ ዳር ይገፋል። የባሏ መጫኛ ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ እጄ ለመያዝ እምቢ አለኝ፤ በክንዴ ጠመጠምኩት። እየጎተቱ ሣር ላይ ጣሉኝ። ቀና ብዬ ያየሁት የመጀመሪያ ፍጥረት ቦራው ነው። ቀድሞኝ ወጥቶ ሣር ይግጣል። አንዴ አየኝና ወደ ግጦሹ ተመለሰ።

«ተርፈዋል! ይናገሩ እስቲ፣ አባቴ ይናገሩ!» አለ ባሏ።

አፌ አልከፈት አለ። መንጋጋዬ ማተቡን እንደነከሰ ደርቋል። ባሏ በጣቱ ሊያላቅቀኝ ሞከረ፤ ነክሼው ይሆናል፣ አላስታውስም። እሷ አጠገቤ ጭቃው ላይ ተቀምጣ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ወንዙን አይደለም የምታየው፤ ሌላ፣ ከዚህ በጣም የራቀ ውሃ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና በቀጭን ድምፅ፦

«ቡሬ ላይ ማዕበል መጣ፣ አባቴ» አለች።

ልስቅ ፈለግሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

በቁምጣዬ ቁጭ ብዬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አጎትየው መጣ። ሕፃኑን ለእናቱ መለሰና ያን ነጭ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝ።

«ይልበሱ አያ። እኔ ከውስጥ ኮት አለኝ» አለ። ጃንጥላውንም በላዬ ዘረጋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መንጋጋዬ ተፈታ። ቄሱ ማተቡን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት።

«ረጥቧል፤ ይህ ደግሞ የምን ምልክት ነው?»

«የጥርሴ ነው አባ። የቀሩኝ እነዚያ ናቸው።»

ጸሎቱ ተደርሶ ልጁን ወደ ውሃው ሲያወርዱት ግን ያ ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ሰሐን ውሃ ነው፤ ለብ ያለ፣ የተባረከ። ትንሿ ራሱ ዝቅ ስትል በዚያ ሁሉ ዜማ መሀል፦

«አፍህን ዝጋ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዲያቆኑ ዜማው ተቋረጠበት። ቄሱ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀና ብለው አዩኝ። አጎትየው ሳል መጣበት። እናቱ ነጠላዋን፣ ያችን ነጠላ፣ አፏ ላይ ጫነችና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም።

ልጁ አልሰማኝም። አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ቤተ መቅደሱ እስኪያስተጋባ ድረስ እየጮኸ ወጣ። በአጎትየው ጋቢ ተቀበልኩት። እቅፌ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ መሰለኝና አጥብቄ ያዝኩት፤ ኋላ ግን ልጁ ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ መንቀጥቀጡ አላቆመም።

ስመለስ በድልድዩ ዞርኩ። ቦራው በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ብቻውን ተሻግሮ መጣ።