የሚስቴ ዕድሜና የአውቶቡስ ካርድ

ለአረጋውያን ነፃ የአውቶቡስ ካርድ እየተሰጠ ነው ሲባል ከሰፈራችን ቀድሜ ወረዳ የደረስኩት እኔ ነኝ። መታወቂያዬ ስድሳ ስድስት ይላል። እውነቱ ስድሳ አንድ ነው። ልጅ ሆኜ አቃቂ ፋብሪካ ስቀጠር "ገና ነህ" ብለው እንዳይመልሱኝ አምስት ዓመት ጨምሬ ነበር፣ እንደተጨመረ ቀረ። መንግሥት ራሱ ሽማግሌ ነህ ካለኝ እኔ ምን ቤት ነኝና እከራከራለሁ? ካርዴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ካርዱ የሚያስፈልገው ግን ለእኔ ሳይሆን ለሚስቴ ነበር። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰፈራችን ከበሰቃ እስከ ቃሊቲ ለፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች። ሐኪሙ "ካቋረጡ በምርኩዝም መሄድ ሊያቅትዎ ይችላል" ብሏታል። ምን ዋጋ አለው፣ ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ አንድ ሰዓት ትቆማለች። ሐኪሙ ያሻሻለውን ሰልፉ ያበላሸዋል። ካርድ ያለው ሳይሰለፍ ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የእሷ መታወቂያ ግን ሃምሳ ስምንት ይላል፣ ካርዱ የሚሰጠው ከስድሳ ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ሁለት ዓመት ይጎድላታል።

ሰልፈኛውም እኮ ክፉ አይደለም። አንዷ ወጣት "እማማ፣ ወደፊት ይለፉ" ስትላት ሚስቴ ዞራ "ማነሽ እማማ ያልሽኝ?" ብላ አፈጠጠችባት። ልጅቷ ደነገጠች። ሚስቴም እያነከሰች እቦታዋ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ ካርዴን ይዤ ከአውቶቡሱ በር ላይ ግራ ገብቶኝ አያታለሁ። ይሄ ምን የሚሉት ኩራት ነው?

ወረዳ ተመልሼ መታወቂያ መስኮት ላይ የምትሠራውን ልጅ "የኔ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት? ጨምሪላት" ብዬ ለመንኳት። "ተሳስቶ የተጻፈ ከሆነ በሦስት ምስክር ይታረማል አባባ" አለችኝ። ደስ እያለኝ ቤት ገባሁ። ምስክር ሞልቷል፣ ትንሽ ውሸት ለጉልበት ሲባል ኃጢአት አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

ሚስቴ ሰምታ ፊቷ ጠቆረ። "አልፈልግም። ሕክምናውም ይቅርብኝ" አለች።

"ሴትዮ፣ እግርሽ እኮ ነው!"

"ይቅር አልኩህ።"

ደሜ ፈላ። ዕድሜ ጨምሪ ስላት እግሬ ይቅር የምትል ሴት አይቼ አላውቅም። "ታላቅሽን ስሚ!" ብዬ ጮህኩባት። ከተጋባን ጀምሮ ስንጣላ የምላት እሱን ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ሳትሄድ ቀረች፣ ጉልበቷም አብጦ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ሳልነግራት ወንድሟን ለምስክርነት ከቱሉ ዲምቱ አስጠራሁት። ቤታችን ገብቶ እንደተቀመጠ "ስንት ናት ልበል?" አለኝ። "እውነተኛውን ነው ወይስ የሰርጉን?"

"የምን ሰርግ?" አልኩት።

አፉን በመዳፉ ያዘ። አልጋው ላይ የተጋደመች እህቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆቡን አንስቶ ውልቅ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጠ ጉልበቷን እያሸች ነገረችኝ። "ስድሳ አራት ነኝ። ሦስት ዓመት እበልጥሃለሁ። ሽማግሌ ስትልክ አባቴ ስድስት ዓመት ቀነሰልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።"

"እሺ ያኔ ዝም አልሽ። ከዚያስ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ልንገርህ ልንገርህ ስል ልጅ እምቢ አለን። እናትህ 'ገና ልጅ ናት፣ ትወልዳለች' እያሉ ነው ያቆዩኝ። እውነቱን ብታውቅ ኖሮ፣" አለችና ቀና ብላ አየችኝ፣ "ትተኸኝ ትሄድ ነበር?"

"በፍጹም" ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱን አልወለደችም ብሎ ፈትቶ ሌላ ሲያገባ፣ ሰርጉ ላይ እስኪያልበኝ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ። ያንን የሚጨፍር ልጅ እግር ምን ታደርግ ነበር ብዬ ብጠይቀው ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። አፈርኩ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ትራሱን ከጉልበቷ ሥር እያስገባች "እኔም እንጃ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ አጠገብህ ያደርኩት" አለችኝ።

በማግስቱ በጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወንድሟንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትላ እውነተኛ ዕድሜዋን ልታስጽፍ ወረዳ ሄደች። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ስንደርስ "አንተ ደጅ ጠብቀኝ" አለችኝ፣ ጠበቅኳት።